የእትዬ ኦካዳ ሁለተኛ ሳህን

ልጄ ሣራ ለመሥሪያ ቤቷ ጉዳይ ጃፓን ልትሄድ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ሶፋው ላይ እግሯን አጥፋ ተቀምጣ ስልኳን ስትነካካ ቆየችና «ዳድ፣ ሊስን ቱ ዚስ» ብላ ታነብልኝ ጀመር። ስሙን እንኳ መጥራት ያቃተኝ አንድ ከተማ ውስጥ፣ ቱሪስት በማይረግጠው ጭር ያለ ሰፈር፣ እንደ ሰፈሩ ሰው የት የት እንደሚበላ የሚዘረዝር ጽሑፍ ነው። ስምንት ሰው ብቻ የሚይዝ ቤት፣ በሩ ላይ ጨርቅ የተንጠለጠለበት፣ ሜኑ የሌለው፣ ባለቤትየዋ የዕለቱን ያበሰለችውን ተቀብለህ ዝም ብለህ የምትበላበት። «አይ ዋንት ቱ ኢት ላይክ ኤ ሎካል» አለችኝ። «ለሱማ ያን ያህል መብረር አያስፈልግሽም ነበር፤ እዚሁ አሌክሳንድሪያ ነበረልሽ» ብላት ሳቀችብኝ። አባቷ ከሽሮና ከምስር ሌላ የሚያውቅ አይመስላትም። ከዚያ ተነሥታ ከኤዥያ ግሮሰሪ የገዛችውን የደረቀ ዓሣ መረቅ በፈላ ውኃ በጠበጠችና ሽታው ቤቱን ሞላው። ሽታው እትዬ ኦካዳን ብቻ ቢያስታውሰኝ ምን ነበረበት? ያስታወሰኝ ግን ንጋቱን ነው። ስሙን ስጠራ ዛሬም ጥርሴ ይፋጫል። የንስሐ አባቴ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» እያሉ ይገሥጹኛል። ልክ ናቸው፤ ነገር ግን የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚባለውም ልክ ነው።

ያኔ ታክሲ እነዳ ነበር። ነዳጅ በዶላር ከምናምን ሳንቲም የሚቀዳበት፣ ስልክ እንደ መነጽር ቤት ተከፍቶ የሚዘጋበት፣ የሜትሮ ትኬት ገና ከወረቀት የሆነበት ዘመን ነው። የምንኖረው አሌክሳንድሪያ፣ የአንዱ ቤት ቁሌት ኮሪደሩን አልፎ የሌላውን በር የሚያንኳኳበት ትልቅ የአፓርትመንት ግቢ ውስጥ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ወንዱ ሁሉ ፓርኪንጉ ላይ መኪናውን ያጥባል፤ ከአራት መኪና አንድ ዓይነት ካሴት ይሰማል፣ ግን አራቱም የተለያየ ቦታ ላይ ስለሚደርሱ ዘፋኙ ራሱን በራሱ የሚቀበል ይመስል ነበር። ከግቢያችን ወደ ወንዙ አቅጣጫ ጥቂት ወረድ ሲሉ፣ ከልብስ ማጠቢያ ቤቱ ጀርባ፣ የጡብ ቤቶችና ትልልቅ ዛፎች ያሉበት ድምፅ የሌለው መንገድ አለ። እዚያ በአንድ ጫማ ሰፊና በአንድ ልብስ አሳጣሪ መካከል፣ ሰማያዊነቱን ፀሐይ የጨረሰው ጨርቅ የተንጠለጠለበት ጠባብ በር ነበር። ምልክት የለው፣ ስም የለው። ዓመት ሙሉ በዚያ በር ሳልፍ የመጋረጃ ሱቅ ነው እያልኩ ነው ያለፍኩት።

ባለቤትየዋ ወይዘሮ ኦካዳ ይባላሉ። ማክሰኞ ማክሰኞ ከገበያ ሲመለሱ ታክሲ ይጠራሉ፤ አንድ ቀን ተራው ደረሰኝና የሩዙን ጆንያ ተሸክሜ ጓዳቸው ድረስ አስገባሁላቸው። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ እኔን እየጠየቁ ይጠሩ ጀመር። ደንበኞቻቸው «ኦካዳ-ሳን» ነው የሚሏቸው። «ሳን» ማለት የአክብሮት እንደሆነ ስረዳ እኔም በልቤ «እትዬ» አልኳቸው፤ ከዚያማ በአፌም መጣ፣ ሳቅ ብለው ተቀበሉኝ። አንድ በረዶ የጣለ ማክሰኞ ጆንያውን አስቀምጬ ልወጣ ስል በጭልፋቸው ግድግዳው ጥግ ያለችውን በርጩማ አመለከቱኝ። ተቀመጥኩ። በጎድጓዳ ሳህን መረቅ፣ በትንሽ ሳህን ሩዝ፣ ካሮት የሚመስል የተቀቀለ ነጭ ሥር፣ አንድ ቁራጭ ዓሣ። ስድስት ዶላር ከሃምሳ። በዚያ ዋጋ ታክሲ የምንሰለፍበት ሆቴል በር ላይ ሳንዱች እንኳ በቅጡ አይገኝም ነበር።

እዚያ ቤት ማንም ከመንገድ ዘው ብሎ አይገባም። እትዬ ኦካዳ እንዳጫወቱኝ፣ እናታቸው ጃፓን ውስጥ በአንድ ዝምተኛ ሰፈር እንዲህ ያለች ቤት ነበረቻቸው፤ አዲስ ሰው የሚገባው ነባር ደንበኛ ይዞት ሲመጣ ብቻ ነው። እንግዳው ካጠፋ ጥፋቱ የእንግዳው አይደለም፣ ያመጣው ሰው ነው። ዋስ ማለታቸው ነዋ! እኔን ራሳቸው ስላስገቡኝ ዋሴ እሳቸው ነበሩ። ከባንኮኒው ሥር ባለ መሳቢያ ውስጥ የየደንበኛው ቾፕስቲክ፣ ጥንድ የመብያ እንጨት፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጣል፤ ጡረታ የወጣው ፖስተኛ የራሱ አለው፣ ነርሷ የራሷ አላት። በሁለተኛው ዓመት የእኔም ገባ። በጃፓን ፊደል ስሜን ጻፉበት፤ እኔ ደግሞ በብዕር ከጎኑ ለተፈራ «ተ» ብዬ ጨመርኩበት። ይሄ አገር ከገባሁ ብዙ ወረቀት ተቀብያለሁ፤ እንደዚያች ጨርቅ ግን የዚህ ቦታ ሰው ነህ ያለኝ ወረቀት የለም።

ጥፋትም አላጣሁም። አንድ ቀን ዓሣው በጣም ስለጣመኝ ደስ ብሎኝ አንድ ቁራጭ በቾፕስቲኬ ያዝኩና ወደ እትዬ ኦካዳ ዘረጋሁ፤ ጉርሻ መሆኑ ነው። እሳቸውም ይበሉ ስለነበር በያዙት እንጨት ሊቀበሉኝ እጃቸውን ካነሡ በኋላ ደንግጠው መለስ አሉና እጄን ቸብ አደረጉኝ። ፖስተኛው ሹካ የወደቀ ይመስል ቀና አለ። ቀስ ብለው አስረዱኝ፤ በእነሱ አገር ሰው ሲሞት ይቃጠላል፣ የተረፈውን አጥንት ዘመዶቹ ከእንጨት ወደ እንጨት እየተቀባበሉ ያነሡታል። ከዚያ ሌላ ምንም ነገር ከእንጨት ወደ እንጨት አይተላለፍም። ጉርሻ ብዬ ለቅሶ ቤት ውዬ አረፍኩ! ሳምንት ሙሉ አፍሬ አልሄድኩም።

መርዶ በእኛ ወግ በማለዳ ነው የሚነገረው፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ዘመድ ግራና ቀኝ ይዞ። የእናቴን መርዶ ግን የሰማሁት ሆቴሉ በር ላይ፣ ታክሲ ተራ ሦስተኛ ሆኜ ተሰልፌ ነው። ታናሽ ወንድሜ ከደሴ ደውሎ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቤት ክዳኑ ሲያወራኝ ቆየ። ሊያረዳኝ አልፈለገም፣ ድምፁ ግን አረዳኝ። ተራው ሲንቀሳቀስ ከኋላዬ ያለው ጥሩምባ ነፋብኝ። ነዳሁ፣ የት እንደምሄድ ሳላውቅ ነዳሁ፤ ራሴን ያገኘሁት ያ ሰማያዊ ጨርቅ ሥር ነው። የምሳ ሰዓት እያለቀ ነበር። እትዬ ኦካዳ ፊቴን አይተው ምን ሆንክ አሉኝ። «ማይ ማዘር» አልኩ፣ ከዚያ ሌላ አልወጣልኝም። ወጥተው ጨርቁን አወረዱና በሩን ዘጉት። መረቄን አመጡልኝ። ቀጥለው ሌላ ጎድጓዳ ሳህን ሞልተው፣ ሩዙንም ቾፕስቲኩንም አስተካክለው፣ ከግራዬ ካለችው ባዶ በርጩማ ፊት ለፊት አስቀመጡ። እኔ በላሁ ማለት አልችልም፣ ያ ሳህን ሲተን አየሁት እንጂ። እንፋሎቱ ሲያልቅ ሳህኑን ወደኔ ገፋ አደረጉና «ጨርሳለች፤ የተረፈውን አንተ ብላ» አሉኝ። ልጅ ሆኜ የእናቴን ትራፊ ከወንድሞቼ ጋር እየተሻማሁ ነበር የምበላው። እትዬ ኦካዳ ይህን ከየት አወቁ? ተንሰቅስቄ አለቀስኩ፤ አልቅሼም የእናቴን ትራፊ ጨረስኩ።

አሁን ንጋቱን ላምጣው። ንጋቱም ታክሲ ነጂ ነው፣ የግቢያችን ሰው፣ ከእኔ በአምስት ዓመት ያንሳል። ክሬም ቀለም ሱፍ ነበረው፤ ታክሲ እየነዳ ሱፍ የሚለብስ ሰው ከሱ በፊት አላየሁም። ጫማው ሁልጊዜ ሹል፣ ሁልጊዜ የተወለወለ፣ ሶኩ ከከረባቱ ጋር አንድ ቀለም። እግዜር ድምፅ ሰጥቶታል፤ እሱ የዳቦ ዋጋ ሲናገር ሰው ያለቅሳል። በሰርጉም በክርስትናውም መድረክ መሪ እሱ ነው። እኔም እወደው ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ። ሰው መውደዴን ለማሳየት ያለኝን ትልቁን ነገር ሰጠሁት፤ ወደ እትዬ ኦካዳ ቤት ወሰድኩት። «ዋሱ አንተ ነህ?» ሲሉኝ ደረቴን ነፍቼ «አዎን» አልኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይሄ ነው።

አንድ ዝናባማ ከሰዓት ኤርፖርቱ ሰልፍ ላይ መኪናዬ ውስጥ ገብቶ አብረን ስንጠብቅ የሁለተኛውን ሳህን ነገር አጫወትኩት። ለማንም አልነገርኩም ነበር። ሰምቶኝ ሲያበቃ ጉልበቴን ያዝ አደረገኝ፣ እኔም ወንድም ያገኘሁ መሰለኝ። የእናቴ ሙት ዓመት ደርሶ ወደ ደሴ ስሄድ ዕቃ አስያዘኝ፤ እናቱ እማማ ዓይናለም ደብረ ብርሃን ናቸው፣ መንገዴ ነው። ሹራብ፣ ክፍት ጫማ፣ የደም ግፊት መድኃኒት አደረስኩላቸው። ነፋሱ ቆርቆሮ ሲያንኳኳ፣ እሳቸው በጋቢ ተጠቅልለው የሠሩትን አቀረቡልኝ። አጎረሱኝ። ሁለተኛውን ሲጠቀልሉ «ይቺኛዋ የልጄ ናት፤ አንተ ጉረስለት» አሉኝ። ጎረስኩለት። ጤነኛ፣ ሳቂታ፣ አጥንታቸው የጠነከረ ሴት ናቸው። ይህን አስታውሱልኝ።

ከተመለስኩ ጥቂት ወራት ቆይቶ ነው። የእሁድ ከሰዓት የአማርኛ ሬዲዮ ነበረን፤ ሹፌር ሁሉ ይሰማዋል። ፎልስ ቸርች በሚባለው ከተማ አንድ የገበያ አዳራሽ በር ላይ ተሳፋሪዬን እየጠበቅሁ ከፈትኩት። «ዛሬ ደግሞ እንግዳችን እንደ ሰፈር ሰው የት እንደምንበላ ያሳየናል» አለ አዘጋጁ። ከዚያ የንጋቱ ድምፅ። ስለ ጭር ያለው መንገድ፣ ስለ ሰማያዊው ጨርቅ፣ ስለ ስምንቱ በርጩማ አወራ። «ያገኘኋት እኔ ነኝ» አለ። ይሁን፣ ይበል አልኩ፤ አፍ ያለው ያግባሽ ነው። ቀጥሎ ግን ድምፁን ዝቅ አደረገና «የእናቴን መርዶ የሰማሁ ዕለት…» አለ። ሁሉንም ነገረው። ጨርቁ መውረዱን፣ ሳህኑ ሲተን፣ «ጨርሳለች፣ የተረፈውን አንተ ብላ» የሚለውን ሳይቀር። አዘጋጁ አፍንጫውን ሲስብ ይሰማ ነበር። እኔ በቡጢ ጥሩምባውን መታሁት፤ ከፊቴ ትሮሊ ትገፋ የነበረች ሴት ደንግጣ ዘለለች። እማማ ዓይናለም በዚያች ሰዓት ደብረ ብርሃን ላይ ምናልባት እኔ ያደረስኩላቸውን ሹራብ ለብሰው ነበር!

በማግስቱ ፓርኪንግ ላይ ያዝኩት። የመኪናውን መስታወት በሶፍት እየወለወለ ነው።

«ንጋቱ፣ እናትህን ገደልካት እኮ!»

«ኧረ ተፌ፣ ለሾው ነው እኮ! ስቶሪ ነው። ፒፕል ላቭድ ኢት። ስንት ሰው ኮል አደረገኝ መሰለህ?»

«የኔ እናት ነች የሞተችው! ሳህኑ የኔ እናት ነው!»

«እሺ፣ ያንተን ስም ብጠራ ደስ ይልህ ነበር? ሰው ፊት አለቀሰ ብል? እኔ እኮ ሸፈንኩህ።»

«ሟርት አትፈራም?»

«የዚህ አገር ሬዲዮ ደብረ ብርሃን አይሰማ» ብሎ ሶፍቱን አጣጠፈ። «ሲሪየስ አታድርገው፣ ብሮ።»

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ የእትዬ ኦካዳ ቤት ቤት መሆኑ ቀረ። ከሲልቨር ስፕሪንግ በየመኪናው እየተጫነ፣ ከጌይተርስበርግ ድረስ ሰው መጣ። ሁሉም ከንጋቱ ጋር ነው የሚገባው፣ ንጋቱ ደግሞ የኔ ሰው ነው። በርጩማ እያጋጨ ፎቶ ይነሣል፣ በርበሬ የለም ወይ ይላል፣ ከወንዝ ማዶ ያለ ሰው እንደሚጠራ ጮኾ ያወራል። ፖስተኛው ጨርቁን ገለጥ አድርጎ አየና ተመልሶ ሄደ። እትዬ ኦካዳ አልተቆጡኝም። «ያንተ ሰዎች ድምፃቸው ትልቅ ነው» ብቻ አሉኝ፤ ከስድብ የከበደኝ ያ ነው። ይህንንም ቻልኩት። ያልቻልኩት ሌላ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ክርስትና ላይ አጠገቤ የተቀመጠ ሽማግሌ እናቱን በቅርቡ የቀበረ ኖሮ፣ ላጽናናው ብዬ የራሴን ነገር፣ የሳህኑን፣ ጀመርኩለት። ግማሽ ሳልደርስ እጄን መታ መታ አደረገና «እሱማ የንጋቱ ነው፤ በሬዲዮ ሰምተነዋል» አለኝ። አስተያየቱን ብታዩት! ከሰው ኪስ እጄን የያዘኝ ይመስል ነበር። በገዛ እናቴ ሞት ሌባ ሆንኩ። እዚያው፣ የክርስትናውን ዳቦ እንደያዝኩ፣ ንጋቱን በአፉ እንደምቀብረው ማልኩ።

የማደርገውን ለማግኘት ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ውሸታም ነው ብዬ ብናገር ማን ይሰማኛል? ድምፅ ያለው እሱ ነው። ስለዚህ ውሸታም አላልኩትም፤ አመንኩት። ከወንዙ ማዶ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ እማማ ዘነቡ የሚባሉ የእድራችን ሰብሳቢ ነበሩ፤ ሰው ሲሞት ስልኩን፣ ድስቱን፣ ፍራሹን የሚያንቀሳቅሱ እሳቸው ናቸው። ደወልኩላቸው።

«እማማ ዘነቡ፣ እንደምን ዋሉ? እኔስ አንድ ነገር ከንክኖኝ ነው። የንጋቱን እናት ሞት በሬዲዮ ሰማነው እንጂ ለቅሶ ደረስነው?»

«ውይ! ውይ በሞትኩት! ተፈራዬ፣ ማንም አልደረሰውም እኮ!»

«ብቻውን እኮ ነው ያለቀሰው። ለጃፓን ሴትዮ ነው የነገረው።»

«ምን ያለን ጉዶች ነን! ሰው ምን ይለናል? አንተ ዝም በል፣ እኔ አለሁ።»

ዝም አልኩ። በሚቀጥለው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የሲልቨር ስፕሪንግ ሰው ወንዙን ተሻገረ። እኔ ከልብስ ማጠቢያው ፊት ለፊት፣ የንጋቱ መስኮት በደንብ የሚታይበት ቦታ መኪናዬን አቁሜ፣ ቡናዬን በወረቀት ኩባያ ይዤ እጠብቅ ነበር። መስኮቱ ክፍት ነው፤ ጥብስ ይሸታል፣ ሞቅ ያለ ጭፈራ ይሰማል። ሃያ መኪና ገባ፣ ከዚያ ሌላ ሃያ። ጥቁር የለበሱ፣ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች ድስት ይዘው፣ ወንዶች ፍራሽ ተሸክመው ደረጃውን ወጡ። እማማ ዘነቡ ከፊት ናቸው። በሩ ሲከፈት ሙዚቃው ቀጥ አለ። ወዲያው «እናቴ! እናቴ! ያልጠገብካት እናትህ!» የሚለው የእማማ ዘነቡ ድምፅ መንገዱን አቋርጦ እኔ ዘንድ ደረሰ። ንጋቱ ቁምጣ ለብሶ፣ በእጁ የጥብስ ማማሰያ ይዞ በር ላይ ቆሟል። አፉን ከፈተ። ምን ይበል? እናቴ አልሞተችም ቢል በሬዲዮ ሕዝብ ያስለቀሰ ውሸታም ነው። አፉን ዘጋ። ከሰዉ አናት በላይ ተመለከተና ታክሲዬን አየ። ኩባያዬን ከፍ አድርጌ አሳየሁት። አይቶኛል፣ አውቃለሁ። ቤት እስክገባ ሳቄን አልጨረስኩትም።

ደስታው በአንድ ቀን ቢያልቅ እንዴት ባዘንኩ። አላለቀም። ንጋቱ ጥቁር መልበስ ግድ ሆነበት፤ ያ ክሬም ሱፍ ቁም ሳጥን ገባ። ጢሙ አደገ። የሰርግ መድረክ የሚሰጠው ጠፋ፣ ሐዘንተኛ ማን ያስጨፍራል? ለአርባው እማማ ዘነቡ አዳራሽ ያዙ። ለሙት ዓመቱ ሳይለምናቸው መጡለት። ፍትሐት ላይ ቄሱ የሟቿን የክርስትና ስም ሲጠይቁት ብዙ ቆይቶ ነው የተናገረው አሉ፤ እማማ ዘነቡ «ሐዘኑ አላወጣለትም፣ ስሟን መጥራት እንኳ አቃተው» ብለው ነገሩኝ። ይህን ስሰማ ግን ደነገጥኩ። በቁም ላለች ሴት ፍትሐት! ደብረ ብርሃን በእጃቸው ያጎረሱኝ ሴት ናቸው። ለቄሱ ሌላ ስም ሰጥቷቸው ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁና ወደ ደስታዬ ተመለስኩ። እትዬ ኦካዳ ቤት ያ ግርግር ቀስ በቀስ ቀረ፤ ንጋቱም ከዚያ ወዲህ ድርሽ አላለም። ፖስተኛው ተመለሰ። በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ መረቄን ስጠጣ እናቴን ያስመለስኳት ይመስለኝ ነበር።

ዓመታት አለፉ። ሰው ታክሲ መጥራት ትቶ በስልኩ መኪና ማዘዝ ጀመረ፤ ስድስት ዶላር ከሃምሳው ዘጠኝ ሆነ፣ አሥራ አንድ ሆነ። እትዬ ኦካዳ አጎነበሱ። ቅጠል በሚረግፍበት ወራት አንድ ማክሰኞ ከሰዓት፣ ከእኔ በቀር ሰው የለም፣ ጨርቁ ተገለጠና ንጋቱ ገባ። ሁለት በርጩማ ዘሎ ተቀመጠ፤ አላየኝም ወይም አይቶኝ ዝም አለ። እትዬ ኦካዳ ፊቱን አይተው ምን ሆንክ አሉት። «ማይ ማዘር» አለ።

ደሜ ፈላ። ያንኑ ቃል፣ ያችኑ ቤት! ደግሞ ሊገድላት ነው ብዬ ከበርጩማዬ ግማሽ ተነሣሁ፤ ዛሬስ በእንግሊዝኛ አጋልጠዋለሁ አልኩ። ያኔ እግሩን አየሁ። አንዱ ሶክ ጥቁር ነው፣ አንዱ ቡኒ። የጫማው ክር አልታሰረም። ንጋቱ እንዲህ ሆኖ ለቀልድ አይወጣም። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

እትዬ ኦካዳ ወጥተው ጨርቁን አወረዱ። መረቁን አቀረቡለት፣ ከዚያም ሁለተኛውን ሳህን ከግራው አስቀመጡለት። ያ በአፉ የሰረቀኝ ሳህን ፊቱ ሲቀርብለት እንደማያውቀው ነገር ነው ያየው።

«ትናንት ጠዋት ነው» አለኝ፣ ዓይኑን ከሳህኑ ሳይነቅል። «እህቴ ደወለች።»

«ለእማማ ዘነቡ ነገርካቸው?»

«ምን ብዬ? ‹ይቺ ደግሞ የማን እናት ናት?› አይሉኝም? ቀብረዋታል፣ አርባዋን አውጥተዋል፣ ሙት ዓመቷን በልተዋል።» ቾፕስቲኩን አነሣና መልሶ አስቀመጠው። «ሰው ሁሉ ለቅሶ ደርሶኛል፤ ያልደረስከኝ አንተ ብቻ ነህ።»

ስንት ዓመት የጠበቅሁት ቀን ነው። ሊሰድበኝ፣ ቀበርከኝ ሊለኝ፣ እኔም ያዘጋጀሁትን መልስ ልሰጠው። መልሱ «የእናትህን ሞት ያስተማርከን አንተ ነህ» የሚል ነው፣ ማታ ማታ ስስለው የኖርኩት። አልወጣም። «እግዜር ያጥናህ» የሚለውም አብሮት ነበር። እሱም አልወጣም።

እንፋሎቱ አለቀ። እትዬ ኦካዳ ሳህኑን ወደሱ ገፋ አድርገው «ጨርሳለች፤ የተረፈውን አንተ ብላ» አሉት። ንጋቱ ከመረቁ ውስጥ አንድ ቁራጭ የተቀቀለ ነጭ ሥር በቾፕስቲክ አነሣ። ወደ አፉ አላደረሰውም፤ ሁለቱን ባዶ በርጩማ አሻግሮ ወደኔ ዘረጋው።

«በስልክ ሁልጊዜ ትጠይቀኝ ነበር፤ ‹ያ ልጅ፣ ያንተን ጉርሻ የጎረሰልህ፣ ደህና ነው?› ትለኛለች። እስከ መጨረሻው። ደህና ነው እላታለሁ።»

ንጋቱ የአጥንቱን ወግ አላወቀም፤ ያን የመሰለ ነገር አላስተማርኩትም ነበር። እኔ ግን አውቃለሁ። አፌን አልከፈትኩም፤ በስሜ የተጠቀለለውን እንጨቴን አነሣሁና ከእንጨቱ ላይ በእንጨቴ ተቀበልኩት። እንጨት ከእንጨት ሲነካካ ተሰማ። እትዬ ኦካዳን አየኋቸው። ያኔ እጄን የመቱበት እጅ ጭልፋው ላይ እንዳለ ቀረ። ጎንበስ አሉና ወደ ድስታቸው ዞሩ። በላሁት። ጨው ጨው ይል ነበር። ከዚያ እንጨቴን በጨርቁ ጠቅልዬ ባንኮኒው ላይ ትቼ፣ ጃኬቴን ለብሼ፣ በጓዳው በር ወጣሁ።

ያ በር ዛሬ የጥፍር ማስዋቢያ ቤት ሆኗል። እትዬ ኦካዳ ልጃቸው ዘንድ ካሊፎርኒያ ሄደው እዚያው አረፉ አሉ፤ ቾፕስቲኬን ከመሄዳቸው በፊት በፖስተኛው እጅ ላኩልኝ። ንጋቱ ጌይተርስበርግ ነው፣ ስልኩ ስልኬ ውስጥ አለ። ሣራ ይህን ሁሉ ስነግራት መረቋን ጠጥታ ጨርሳ «ሶ፣ ኋት ሃፕንድ ቱ ዚስ ጋይ?» አለችኝ፤ ሰውየው የት ደረሰ እያለች ደውልለት ማለቷ ነው። «እግዜር ያጥናህ» ለማለት ስንት ሴኮንድ ይፈጃል? እሱም ግን የኔን ሳህን ለሕዝብ ሲያወራው አልቸኮለም ነበር፤ እኔም አልቸኩልም። ለእናትየው የሚገባቸውን ጎርሻለሁ። ልጃቸውን ግን ዛሬም ለቅሶ አልደረስኩትም።